ከጦር ትምህርት ቤት ወደ ባሕር፤ መንገዱ በጽሑፍ ይሁን

ርዕሰ አንቀጽ

ስለ ባሕር ኃይል ሲነሣ በተማሪው ዘንድ የሚሰማው ክርክር ዘወትር ስለ ወደብና ስለ መርከብ ነው። ወደቡ የት ይሁን፣ መርከቡ ከየት ይገዛ፣ ገንዘቡስ በምን ይከፈል ይባላል። መርከቡን የሚያዘው፣ ወታደሩን ከመርከብ አውርዶ ወደ ዳርቻ የሚመራው መኮንን ከየት ይመጣል? በምንስ መንገድ ይመረጣል? ይህ ጥያቄ ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። እኛ የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ ይህ ነው ብለን ስለምናምን የዛሬውን ርዕሰ አንቀጻችንን ለዚሁ አውለነዋል።

ጉዳዩ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የፈረሰውን ባሕር ኃይል መልሶ ለማቋቋም ማሰቡን አስታወቀ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት አዲስ አበባን በጐበኙ ጊዜ ፈረንሳይ ለዚሁ ሥራ ርዳታ እንድትሰጥ ስምምነት ተፈረመ። እንግዲህ የነገው የባሕር መኮንን ዛሬ ወይ በጦር አካዳሚ ሰልፍ ላይ ቆሟል፣ ወይ በዩኒቨርስቲ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ወይ ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አልጨረሰም። ነገሩ የእኩዮቻችን ነገር ነውና ዝም ልንለው አይገባም።

ከራሳችን ነገር አስቀድመን ግን ይህን ጥያቄ በሕግ መልስ የሰጠ አንድ አገር እንመልከት። ይኸውም አሜሪካ ነው። ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

የአሜሪካ የማሪን ጦር በ1775 የተቋቋመ ሲሆን፣ በመርከብ ተጭኖ ሄዶ በየብስ የሚዋጋ፣ የራሱም አውሮፕላኖች ያሉት ጦር ነው። በአስተዳደር ከባሕር ኃይሉ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ይኑር እንጂ ራሱን የቻለ ሠራዊት ነው። አሁን የሚገርመውን ነገር እንናገር። የምድር ጦሩ ከ1802 ጀምሮ ዌስት ፖይንት የሚባል አካዳሚ አለው። ባሕር ኃይሉ ከ1845 ጀምሮ በአናፖሊስ የራሱ አለው። አየር ኃይሉም በ1954 የራሱን አገኘ። የማሪን ጦር ግን አራት ዓመት የሚያስተምር የራሱ አካዳሚ የለውም። ታዲያ መኮንኖቹ ከየት ይመጣሉ?

መልሱ ከብዙ በር ነው። የመጀመሪያው በር አናፖሊስ ነው። የባሕር ኃይሉ አካዳሚ ተማሪ በመጨረሻው ዓመት ለመርከብ ወይም ለማሪን ጦር መመደብ እንደሚፈልግ ያመለክታል፤ ከአንድ ዓመት ተመራቂዎች መካከል አንድ አራተኛ ገደማ የሚሆኑት ወደ ማሪን ይሄዳሉ። ነገር ግን ማመልከት ብቻ አይበቃም። ከመጨረሻው ዓመት በፊት ባሉት የዕረፍት ወራት፣ ለእኛ ክረምት በሆነው ጊዜ ማለት ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ወደሚገኘው ኳንቲኮ ወርዶ በጫካው ውስጥ ጓደኞቹን ሲመራ ይታያል፤ ይመዘናል። ፈተናውን ያላለፈ ፍላጎቱ ብቻውን አያስገባውም።

ሁለተኛው በር ለእንደኛ ያለው የሲቪል ተማሪ የተከፈተ ነው። በማናቸውም ዩኒቨርስቲ የሚማር ወጣት ትምህርቱን ሳያቋርጥ በዕረፍት ወራት ኳንቲኮ እየሄደ፣ ወይ ሁለት ጊዜ ስድስት ስድስት ሳምንት ወይ አንድ ጊዜ ዐሥር ሳምንት፣ ይሠለጥናል። ማዕረጉን የሚቀበለው ግን ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ የሚመጣም አለ፤ ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ ተመርጦ መኮንን የሚሆንም አለ።

ሦስተኛው በር ለዛሬው ርእሳችን ዋናው ነው። በዌስት ፖይንት የምድር ጦር ትምህርት የሚማር፣ ወይም በአየር ኃይሉ አካዳሚ ያለ ዕጩ መኮንን፣ «እኔ የማሪን መኮንን ልሁን» ብሎ ቢጠይቅስ? የአሜሪካ ሕግ ይህን ፈቅዷል። ሁለት ነገር ይፈለጋል። አንደኛ፣ አካዳሚውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ልቀቀው ማለት አለበት። ሁለተኛ፣ የሚሄድበት ጦር እቀበለዋለሁ ማለት አለበት። በዚህ ላይ ሕጉ ልክ አበጅቶለታል፤ ከአንድ አካዳሚ የአንድ ዓመት ተመራቂዎች መካከል ወደ ሌላ ጦር የሚሻገሩት ከመቶ 12 ተኩል ሊበልጡ አይችሉም። በተግባር የሚሻገሩት ከዚህ ልክ እጅግ ያነሱ ናቸው። ይሁን እንጂ መንገዱ በጽሑፍ አለ፤ ተማሪው ማንንም ሳይለማመጥ ሊያነበው ይችላል።

ሁሉም ከየበሩ ከገባ በኋላ የሚሆነው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ይሰጠናል። አዲሱ ምክትል መቶ አለቃ ከአናፖሊስ ይምጣ፣ ከዌስት ፖይንት ይምጣ፣ ከሲቪል ዩኒቨርስቲ ይምጣ፣ ስድስት ወር ያህል በኳንቲኮ በሚገኘው አንድ የጋራ ትምህርት ቤት መቀመጥ ግዴታው ነው። ነገ አውሮፕላን የሚያበር ቢሆን፣ ሕግ የተማረ ቢሆን፣ ወይም የስንቅና ትጥቅ ሰው ቢሆን፣ በመጀመሪያ አንድ የእግረኛ መቶ እንዴት እንደሚመራ ይማራል። የመጣበት አካዳሚ ስም በዚያ ደጅ ላይ ይቀራል። የሚቆጠርለት በዚያ የሠራው ነው።

የሥራ ክፍል ሲመደብም ብልኀት አለበት። ተማሪዎቹ በውጤታቸው ቅደም ተከተል ከተሰለፉ በኋላ ሰልፉ ከሦስት ይከፈላል፤ ከየሦስተኛው ክፍል ራስ ላይ ያሉት በቅድሚያ ይመርጣሉ። ይህም የሆነው ጐበዞቹ ሁሉ ወደ አንድ የተወደደ ክፍል ጐርፈው ሌላው ክፍል ደካማ እንዳይሆን ነው። ለአንድ ሰው የሚገባውንና ለሠራዊቱ የሚበጀውን አመዛዝኖ መያዝ ይሉሃል ይህ ነው።

አንባቢ ግን አሜሪካኖች ይህን ከመጀመሪያው እንዲህ አድርገው ይዘውት ነበር ብሎ አይሳሳት። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ብዙው ክፍል የማሪን መኮንንነት የሚገኘው በትምህርት ሳይሆን በትውውቅ ነበር። የባለሥልጣን ልጅ ወይም ወዳጅ የሆነ ወጣት ማዕረጉን ያገኝ ነበር። ሕጉ የተሻሻለው በ1882 ነው፤ ከ1883 እስከ 1897 ድረስ አዲስ የገቡት የማሪን መኮንኖች ሁሉ የአናፖሊስ ምሩቃን ነበሩ።

ከነዚህ ምሩቃን አንዱ ጆን ሌጁን ነው። በ1888 ትምህርቱን ጨርሶ ሁለት ዓመት በባሕር ላይ ከተለማመደ በኋላ የማሪን መኮንን ለመሆን ጠየቀ። ውጤቱ ከፍ ያለ ስለ ነበረ አለቆቹ ለመርከብ መሐንዲስነት መደቡት። ሌጁን ግን አልተቀበለውም፤ የክፍለ አገሩ የሕግ መወሰኛ አባል ወደ ሆኑት ሰው ሄዶ አቤት አለ። በእርሳቸው ግፊት በ1890 ወደ ማሪን ገባ። ይህ ሰው ከ1920 እስከ 1929 ድረስ የማሪን ጦር ዋና አዛዥ ሆነ፤ በሰሜን ካሮላይና ያለው ትልቅ የጦር ሰፈርም በስሙ ተጠራ።

ብዙዎች ይህን ታሪክ የቆራጥነት ምሳሌ አድርገው ይናገሩታል። እኛ ሌላም ነገር እናይበታለን። ሌጁን የሕግ መወሰኛ አባል የሚያውቅ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ያ ጦር ከታላላቅ አዛዦቹ አንዱን ሳያገኝ በቀረ ነበር። ለሥራው የተገባው ሰው እንኳ የትልቅ ሰው ደጅ ካልጠና የማያልፍበት በር፣ በር አይባልም። የዛሬው ሕግ ያንን ደጅ መጥናት ያስቀረ በመሆኑ ነው የምናመሰግነው።

ሕግ መጻፉ ብቻውን በሩን ለሁሉ ይከፍታል ማለትም አይደለም። የማሪን ጦር እስከ 1942 ድረስ ጥቁር አሜሪካዊ በወታደርነት እንኳ አይቀበልም ነበር። ከተቀበለም በኋላ ለብቻቸው በተለየ ሰፈር ነበር የሚያሠለጥናቸው። የመጀመሪያው ጥቁር የማሪን መኮንን ፍሬድሪክ ብራንች ነው። በጦርነቱ ዘመን በተራ ወታደርነት ተመልምሎ በፓሲፊክ ካገለገለ በኋላ፣ የባሕር ኃይሉ በዩኒቨርስቲዎች ባቋቋመው የመኮንኖች ትምህርት ገብቶ ሕዳር 10 ቀን 1945 ማዕረጉን ተቀበለ። ሴቶች ደግሞ ወደ አካዳሚዎቹ መግባት የጀመሩት በ1976 ነው። እንግዲህ በሩን መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ በደጁ የቆመው ሰው በመልኩ፣ በወገኑ ወይም በፆታው እንዳይመለስ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ፣ በ1940ዎቹ ማብቂያ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተቋቋመ፤ ዋና ሰፈሩም ምፅዋ ሆነ። መኮንኖቹን በማሠልጠን ረገድ የኖርዌይ መኮንኖች ረድተዋል፤ በኋላም እንግሊዞች ነበሩበት። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣችው መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ የጦሩ ዋና መርከብ ሆነች። የደጋው ልጅ ባሕርን ሳያይ አድጎ የመርከብ መኮንን ለመሆን እንደሚችል ያ ትውልድ በሥራ አሳይቷል።

የምድር ጦሩም የራሱ ታሪክ አለው። የሆለታው የጦር ትምህርት ቤት በጣልያን ወረራ ዋዜማ በስዊድን መኮንኖች እጅ ተጀመረ። የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር ሲከፈት አስተማሪዎቹ ሕንዶች ነበሩ። አየር ኃይሉ ደግሞ በደብረ ዘይት ያሠለጥን ነበር። ሦስት ጦር፣ ሦስት ማሠልጠኛ ማለት ነው። በዚያው ዘመን አስተማሪዎቹን የላከችልን ሕንድ በራስዋ አገር በካዳክዋስላ የምድር፣ የባሕርና የአየር ዕጩ መኮንኖችን ሦስት ዓመት በአንድ ግቢ በአንድ ላይ ታስተምር ነበር፤ ዛሬም ታስተምራለች። ከዚያ በኋላ ነው እያንዳንዱ ወደየጦሩ ትምህርት ቤት የሚለየው። በአንድ ገበታ የበሉ ወጣቶች የኋላ ኋላ በጦር ሜዳ ሲገናኙ እንግዳ አይሆኑም።

የባሕር ኃይላችን ፍጻሜ የታወቀ ነው። ምፅዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ገባች። በ1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ከአሰብ ወጥተው ወደ የመን ሸሹ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ ያለ ባሕር ጠረፍ ቀረች። መርከቦቹም በመጨረሻ በ1996 በፈረንጆች አቆጣጠር ጅቡቲ ላይ በሐራጅ ተሸጡ።

ስለ መርከቦቹ ብዙ ተዝኗል። እኛ ግን ይበልጥ የሚያሳዝነን የሰዎቹ ነገር ነው። መርከብ በገንዘብ ይተካል። በ1982 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሆኖ ማዕረጉን የተቀበለ የባሕር መኮንን፣ ባሕር ኃይሉ ይመለስ በተባለበት በ2010 ዓ.ም. የአምሳ ዓመት ሰው ነበር። በመካከሉ ከአሮጌው መኮንን አጠገብ ቆሞ ሥራውን የሚማር ወጣት አልነበረም። የተቋረጠው የመርከብ ጉዞ ብቻ ሳይሆን ዕውቀት ከአንዱ ወደ አንዱ የሚተላለፍበት ሰንሰለት ነው። ይህንን ሰንሰለት መልሶ መቀጠል ዓመታት ይፈጃልና «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው ያ ትውልድ በሕይወት ሳለ መጀመር ይገባል።

በዚህ ሐሳባችን ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን። በቅንነት ልንመልስላቸው እንወዳለን።

አንደኛው፣ ባሕር የሌለው አገር የባሕር መኮንን ምን ያደርግለታል የሚል ነው። ቦሊቪያ በ1879 ከቺሌ ጋር በተጀመረው ጦርነት የባሕር ጠረፏን አጣች። ይሁን እንጂ ዛሬ ባሕር ኃይል አላት፤ በቲቲካካ ሐይቅና በወንዞቿ ላይ ያገለግላል፤ መኮንኖቿንም ራስዋ ታሠለጥናለች። የባሕር በር ጉዳይ ከጐረቤቶቻችን ጋር በሰላምና በመስማማት የሚያልቅ ጉዳይ መሆን አለበት እንላለን፤ የመኮንን ትምህርት ይፈለጋል ማለታችን ጦርነት ይፈለጋል ማለታችን አይደለም። ደግሞም ባሕርን የሚያውቅ ሰው ጥቅሙ ለጦር ብቻ አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ ያለው የባሕረኞች ማሠልጠኛ የምሕንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ ለንግድ መርከቦች መሐንዲስ ሲያደርጋቸው እናያለን። ከጣና ዳር ተነሥቶ ውቅያኖስ ላይ መሥራት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሁለተኛው፣ በሩ ከተከፈተ የምድር ጦሩ ጐበዝ ጐበዝ ተማሪዎቹን ያጣል የሚል ነው። ይህ ሥጋት መሠረት አለው። አሜሪካኖችም ይህንኑ ስለ ሠጉ ነው በልክ የገደቡት። ልክ ያለው በር ጐርፍ አያመጣም። ልክ የሌለው ክልከላ ግን ልቡ ባሕር ላይ ያለውን ወጣት በግድ ምድር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ጦሮች ይጐዳሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የበረታ ነው። በምድር ጦር አካዳሚ የተማረ ሰው ስለ ባሕር ምን ያውቃል ይባላል። እውነት ነው፤ እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። የማሪን መኮንን ሥራ እግረኛን መምራት ስለሆነ ለምድር ጦር ተማሪ ቅርብ ነው። መርከብን በሌሊት በኮከብና በመሣሪያ መምራት፣ ማዕበልን ማወቅ፣ ሞተሩን መቈጣጠር ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በስድስት ወር አይገኝም። ስለዚህ ከምድር ወደ ባሕር የሚሻገረው ሁሉ በአንድ ዓይነት ጊዜ ይሠልጥን አንልም። ከመርከብ ወርዶ ለሚዋጋው ጦር የሚሻገረው አጠር ያለ፣ ለመርከብ አዛዥነት የሚሻገረው ደግሞ ረዥም ትምህርት ይሰጠው። የምሕንድስና ተማሪውም ከሞተሩ ክፍል ቢጀምር ዕውቀቱ በከንቱ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ ከጦር አካዳሚም ሆነ ከዩኒቨርስቲ ወደ ባሕር መኮንንነት የሚወስደው መንገድ በደንብ ተጽፎ፣ ማንም ተማሪ ሊያነበው በሚችል መልክ ታትሞ፣ በየትምህርት ቤቱ ይለጠፍ። ስንት ሰው እንደሚፈለግ፣ ዕድሜው፣ የትምህርት ደረጃው፣ የጤና ምርመራው፣ የአገልግሎቱ ዘመን ሁሉ ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ ምርጫው በፈተናና በሥራ ምዘና ይሁን፤ ውጤቱም ከነምክንያቱ ይገለጽ። ሥራ ፍለጋ የወጣ ሁሉ «ሰው አለህ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ያውቀዋል። ይህ ጥያቄ በማናቸውም መሥሪያ ቤት ያሳፍራል፤ የወታደርን ሕይወት በአደራ ለሚሰጡት መኮንን ምርጫ ሲሆን ግን ከማሳፈር አልፎ ይገድላል። ችሎታ የሌለው ጸሐፊ ፋይል ያጠፋል፤ ችሎታ የሌለው የመቶ መሪ ሰው ያጠፋል።

ሦስተኛ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ አዲሱ መኮንን ሁሉ በአንድ የጋራ ትምህርት ቤት ይለፍ። የአንዱ አካዳሚ ምሩቅ ከሌላው፣ የወታደሩ ልጅ ከሲቪሉ፣ የአንዱ ክፍለ አገር ሰው ከሌላው የሚተዋወቀው በዚያ ነው። ይህች አገር የመኮንኖች መከፋፈል ምን እንደሚያስከትል በራስዋ ታሪክ በሚገባ አይታዋለች።

አራተኛ፣ በሩ ለሴቶች እኅቶቻችንም እኩል ይከፈት። አሜሪካ እስከ 1976 የቈየችበትን ስሕተት እኛ ዛሬ ሀ ብለን የምንጀምርበት ምክንያት የለም።

የተማሪው ማኅበር ጦር አያዝም፤ መርከብም አይገዛም። ነገር ግን ጥያቄ በጊዜው መጠየቅና ሐሳብን በግልጽ ማቅረብ የተማሪ ድርሻ ነው። ስለዚህ በጦር አካዳሚ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ የምሕንድስናና የሕግ ተማሪዎች፣ ይልቁንም በቀድሞው ባሕር ኃይል ያገለገሉ አባቶቻችን፣ በዚህ ጉዳይ ያላችሁን ሐሳብ ጽፋችሁ እንድትልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን። የሚቃወመንንም ጽሑፍ እንደሚደግፈን ሁሉ በዚሁ ገጽ ላይ እናወጣለን። ክርክሩ ከመርከቡ መምጣት በፊት ይደረግ፤ መርከቡ ከመጣ በኋላ የሚደረገው ክርክር ማን ያዝዘው በሚል ጠብ እንዳይለወጥ እንሠጋለንና።